የአቶ ሚልክያስ ቦሼን ኅልፈትና ያልሰጠናቸውን ሦስት ቀን በተመለከተ

የዳሞታ ግርጌ የሥጋ ከብት አርቢዎች ማህበር
ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማህበሩ አባላት፣ ለሠራተኞችና ለሕዝብ በሙሉ

የማህበራችን የዘር ምዘና ክፍል መሥራች አቶ ሚልክያስ ቦሼ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማህበሩ በኅልፈታቸው እጅግ አዝኗል። ሐዘናችን ግን ጸጸት አለበት፤ ስለዚያም ዝም ብለን ልናልፍ አልቻልንም።

አቶ ሚልክያስ በሁምቦ ተወልደው፣ በእንስሳት እርባታ ሙያ ሠልጥነው፣ ለረጅም ዓመታት በግብርና ባለሙያነት ካገለገሉ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ወደ እኛ መጡ። በዚያን ጊዜ ኮርማ የምንመርጠው በቁመናው ነበር። ሻኛው ከፍ፣ ደረቱ ሰፋ ካለ ይበቃን ነበር። የኮርማ ዋጋ የሚታወቀው በልጆቹ ሥጋ መሆኑን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. የእያንዳንዱ ጥጃ አባት፣ ክብደትና ቀለብ የሚጻፍበትን መዝገብ ከፈቱ። የአንድ ኮርማ ልጆች፣ በዚያው ዓመት ተወልደው ተመሳሳይ ቀለብ ከበሉ የሌሎች ኮርማዎች ልጆች ጋር ይነጻጸሩ ጀመር። ሰንጋው የሰባው በቀላቢው ጥረት ይሁን በዘሩ ለመለየት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በየመስቀሉ ከቦዲቲ እስከ ሁምቦ ሰንጋ በሚታረድበት መንደር ሁሉ ዞሩ። የጆሮ ቁጥሩን አይተው፣ ሥጋው ሳይከፋፈል የጀርባውን ሥጋ ስፋትና የጮማውን ውፍረት ለኩ። ቅርጫ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እርሳቸው ግን ሰው ቢቆጣቸውም፣ ቢስቅባቸውም፣ 412 ሰንጋ ለክተው ጨረሱ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በራሳቸው ቤት የመስቀል ሥጋ ሲቆረጥ አንድ ጊዜም አልነበሩም።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የምዘናው ውጤት ቀረበ። ማህበሩ የሚኮራበት፣ በወላይትኛ ዝሆን ማለት የሆነውን ዳንጋርሳ የሚል ስም የሰጠነው ኮርማ ከዘጠኝ ኮርማዎች ሰባተኛ ወጣ። ሥራ አመራር ኮሚቴው ተቆጣ። አቶ ሚልክያስ የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ኮርማው ጥፋት የለበትም፣ እኔም የለብኝም። ቁጥር የሰጣችሁትን ነው የሚመልሰው። የማዳቀያ ካርዶቹን ስጡኝ፤ ሦስት ቀን ይበቃኛል።»

የትኛዋ ላም ከየትኛው ኮርማ እንደተዳቀለች የሚጻፍባቸው እነዚህ ካርዶች ጠፍተዋል አልናቸው። በቦዲቲው ጠቅላላ ጉባኤ ውጤቱ የባለሙያው የስሌት ስህተት ነው ብለን አስነገርን። እርሳቸውንም ወደ መኖ መጋዘን አዛወርናቸው። እስከ ታመሙበት ቀን ድረስ የፉርሽካ ጆንያ ሲመዝኑ ከረሙ።

ካርዶቹ አልጠፉም ነበር። በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ መኖራቸውን ኮሚቴው ያውቅ ነበር። ብዙዎቻችን ሌላ ኮርማ የወለደውን ጥጃ «የዳንጋርሳ ልጅ ነው» ብለን አስመዝግበናል፤ በመንደር እንዲወራልን። ካርዱ ቢወጣ ይህ ይታወቅ ነበርና አፍረን ደበቅነው፤ በእኛ እፍረት ግን እርሳቸው ተዋረዱ።

የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ዮሴፍ ዱባለ ከቀብር እንደተመለሱ ቁም ሳጥኑን በራሳቸው እጅ ከፍተው ካርዶቹን የአቶ ሚልክያስ ረዳት ለነበሩት ለወይዘሪት ሃይሚ እሸቴ አስረከቡ። በካርዱ የዳንጋርሳ ልጆች 64 ናቸው፤ በመዝገቡ 151 ሆነው ተገኝተዋል። ከሐሰተኞቹ ሦስቱ የሊቀመንበሩ ናቸው። ጥጆቹ ወደ እውነተኛ አባቶቻቸው ተመልሰው፣ የአቶ ሚልክያስ ቀመር ሳይነካ ስሌቱ እንደገና ተሠራ። ዳንጋርሳ አንደኛ ወጣ። የምንኮራበትን ኮርማ ሰባተኛ ያደረግነው እኛው ነን።

ስለዚህ በቦዲቲ የተነገረው በዚያው በቦዲቲ፣ በዚያው ጉባኤ ፊት ይሻራል። ውጤቱ በአቶ ሚልክያስ ስም ይታተማል። የጥጃውን አባት በሐሰት ያስመዘገበ አባል ሁሉ እስከ የካቲት 30 ቀርቦ እንዲያርም እናሳስባለን። ሊቀመንበሩ አርመዋል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ትሕትና፣ ለልጆቻቸው፣ እንዲሁም በመጋዘኑ በክብር ለያዟቸው ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጥልን እንመኛለን። ወይዘሮ ትሕትና ሆይ፣ ይቅርታ ልንጠይቅዎ ድንኳኑ ድረስ መጥተን፣ ቁጭ ብለን፣ ሳንናገር ተመልሰናል። ዛሬ በሕዝብ ፊት እንጠይቃለን።

ወይዘሪት ሃይሚ ስሌቱን የጀመሩት በቀብሩ ማግስት ነው። የጨረሱት ድንኳኑ በፈረሰበት ቀን ነው። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።