«ማን ይሸከማታል?» ላልሽኝ

ለአለምነሽ፣ ለልጄ እናት፤

ካረፍሽ ይኸው አምስተኛው ክረምት ገባ። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን ስንዱ ትጽፋለች። «አባየ፣ ስድቡን ቀነስ አርገው» ትለኛለች። አልቀንስም።

ቤቱ ደህና ነው። የታችኛውን ማሳ ዘንድሮም ሩዝ ዘራሁት። ስንዱ ትምህርቷን ጨርሳ የከብት ሐኪም ሆናለች፤ ከወረታ እስከ ይፋግ ከብት የታመመበት ሁሉ እሷን ይጠራል። ይኸው ያገሬው ሰው ነው ያኔ በልጅነቷ ልምሻ እግሯን ሲመታት ለቅሶ ሊደርሰን የመጣው። ልጅቱ ቁጭ ብላ እያየቻቸው «እግዜር ያጽናችሁ» ያሉን። አሁን ደግሞ «እግዜር ሲክሳት» ይላሉ። የምን ካሳ! ያን ያህል ልጅ በአንቀልባ አዝለሽ፣ እየሳቁብሽ፣ ትምህርት ቤት አመላለስሻት፤ እሷም ተማረች። ሌላ ነገር የለም።

ከሁሉም የወንድምሽን የካሴን ልንገርሽ። «ጣራ ገዳም ደጅ አስቀምጧት፣ ለምና ትብላ» ያለው እሱ ነው፤ ያውም የኔን ጠላ እየጠጣ። እኔም ዝም አልሁ። ስንዱ ይህን አታውቅም ነበር፤ እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። ጻፊው አልኋት።

ባለፈው ነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲሆን የካሴ ላም ምጥ ጠናባት። ጥጃው አንድ እግሩን አውጥቶ ቀረ። ሞተር አይገባ፤ በቅሎም ማጡ ይውጣታል። ካሴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣና «ስንድየ፣ የእህቴ ልጅ፣ ድረሽልኝ!» አለ። ስንድየ! ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ «ያች ሽባ» ነበር የሚላት።

«አያ ካሴ፣ በምርኩዝ ማጡን አላልፈውም፤ ይዘሉኝ» አለችው።

አዘላት። ሰው ሁሉ ደጁ ቆሞ እያየ። እኔ የመድኃኒት ሣጥኗን ይዤ ከኋላ ከኋላ ሄድሁ፤ ሲያለከልክ እየሰማሁ፣ ደስ እያለኝ።

ደርሳ ገለባው ላይ በጎኗ ተኛች። እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ ጥጃውን አቃናች፣ ሳበችው። ለዚያ ሥራ እግር አያስፈልግም። ሁለት እግር ያለው ካሴ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ይነፋረቅ ነበር። ጥጃው በሕይወት ሲወጣ ግን እንባውን ጠረገና «የኛ አጥንት እኮ ናት!» እያለ ለጎረቤት ይፎክር ጀመር። እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም።

ነፍስሽ ልትወጣ ስትል እጄን ይዘሽ «ማን ይሸከማታል?» ብለሽኝ ነበር። ይኸው፣ ካሴ ተሸከማት። ግን አንቺ የተሸከምሻት ለሷ ብለሽ ነው፤ እሱ ለላሙ።

አንቀልባሽ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ስንዱ «አርጅቷል፣ አውርደው» ትለኛለች። አላወርደውም። ካሴ ለሰንበት ጠላ ሲመጣ ከሥሩ አስቀምጠዋለሁ፤ ቀና ብሎ እንዲያየው። እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ዝም ያልሁት እኔ ነኝና። እስክሞት ድረስ ቦታችን እሱ ነው።