የማሱኖያ የፊት በር

መስከረም 24

ጠዋት ዘነበ፣ ከሰዓት አባራ። ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ልገዛ ወጣሁና እንደ ልማዴ በተዘጋው መደብር በማሱኖያ በኩል ዞርኩ። መንገዱ ያጥራል? አያጥርም፣ እንዲያውም ይረዝማል። እግሬ ነው የሚወስደኝ። ርግቦቹ የመደብሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። መስታወቱ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ሕንፃው በመጋቢት ይፈርሳል፣ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። አርባ አንድ ዓመት ዕቃ የጠቀለልኩበት ቤት… መኪና ሊቆምበት።

ለጎረቤት የምሰጠውን መንደሪን በማሱኖያ ወረቀት ጠቀለልኩ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ የማዕበል ሥዕል ያለበት። መደብሩ የተዘጋ ቀን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጥቅል ሰጥተውን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እየቆጠብኩ እዚህ አድርሼዋለሁ። ባሌ ቴትሱጂ አየኝና፣ "እኔንም ስሞት በዚያ ጠቅልለሽ ነው የምትሸኚኝ" አለ። "ለአንተ አይበቃም፣ ሆድህን እየው" አልኩት። ሳቀና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ባሌ አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ወዲህ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳው ምሳ ብቻ ነው።

መስከረም 30

ከማዘጋጃ ቤት ሞሪዋኪ የምትባል ሴት መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ጫማዋን ስታወልቅ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ። ነገሩ እንዲህ ነው… ምክር ቤቱ ከማፍረሱ በፊት የአሥር ቀን ዕድል ሰጥቷል። ሦስቱን ፎቅ ለሕዝብ በሚጠቅም ነገር እንሙላው። በአሥር ቀን ሃያ ሺህ ሰው በፊት በር ከገባ ሕንፃው ይተርፋል። ከዚያ ካነሰ ይፈርሳል። የድሮ ሠራተኞች እንድናግዛት ትፈልጋለች።

"ምን ልንሸጥ?" አልኳት።

"ምንም። ሰው አሁን ዕቃ የሚገዛው በስልኩ ነው፣ ካልሆነም ከከተማ ውጭ ካሉት ትልልቅ ሱቆች። በመላው ጃፓን እንደዚሁ ነው፣ ወይዘሮ ኪኑዬ።"

"እኔ መጠቅለል ብቻ ነው የማውቀው።"

"እሱን እናስብበታለን" አለች። እንደማታስብበት ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

እሺ አልኩ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ?

ጥቅምት 4

ገባን። በጀርባው በር፣ እንደ ወጉ። ማሱኖያ ውስጥ ሠራተኛ በፊት በር አይገባም፤ እሱ የደንበኛ ነው። ለራሴ ዕቃ ልገዛ ስመጣ እንኳ በጀርባ ነበር የምገባው።

ሃያ ሁለት ሆነን ተገኘን። ሊፍት ታስተናግድ የነበረችው ሪትሱኮ ነጭ ጓንቷን ይዛ መጥታለች። ሊፍቱ አይሠራም። ቢሆንም በሩ አጠገብ ቆማ እጇን ዘረጋችና፣ "ወደ ላይ ነን፣ እባክዎን ይጠንቀቁ" አለች፣ በዚያው በድሮ ድምጿ። ሳቅን። ከዚያ አለቀስን፣ ከዚያ እንደገና ሳቅን።

አቶ ካቡራጊም መጡ። የመጨረሻው ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው። አቧራውን በጣታቸው እየነኩ በየፎቁ ዞሩ። የተዘጋን ዕለት እሳቸው መሃል፣ እኛ ግራና ቀኝ ተሰልፈን፣ የብረቱ መዝጊያ እስኪወርድ ድረስ እጅ ነስተን ነበር። ውጭ የቆመው ሰውም መልሶ እጅ ነሥቶ አለቀሰ። 

ጥቅምት 9

ስብሰባ። የሞሪዋኪ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር "ማዕከል" ነው። የንባብ ማዕከል፣ የሕፃናት ማዕከል፣ የጤና ማዕከል… ሪትሱኮ፣ "ሽንት ቤቱስ ምን ማዕከል ይባላል?" ብትላት የምሯን መሰላትና ልትጽፈው እስክሪብቶ አነሳች።

በመጨረሻ ተስማማን። ምድር ላይ ባለው አንደኛ ፎቅ የተማሪዎች ሥዕልና መቀመጫ። ሁለተኛው ፎቅ መጻሕፍትና የሕፃናት መጫወቻ። ሦስተኛው ላይ ልብስ ስፌት፣ ደም ግፊት የምትለካ ነርስ፣ የጎ፣ የጥቁርና ነጭ ጠጠር ጨዋታ፣ ጠረጴዛዎች። ጎ ሲባል ቴትሱጂ ትዝ አለኝ፤ ጠጠሮቹ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሰዋል። ሳነሳበት ግን፣ "ከማን ጋር ልጫወት? ጓደኞቼ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ይሸነፋሉ" አለ።

አቶ ካቡራጊ አኮረፉ። "ዕቃ የሌለበት ቤት ማሱኖያ አይባልም።"

"ታዲያ ይፍረስ?" አለቻቸው ሪትሱኮ።

የሞሪዋኪን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ፣ "አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አከፋፈቱ በወጉ ይሁን። አራት ሰዓት ላይ፣ በሙሉ ልብስ፣ ተሰልፈን እጅ ነስተን።" ማን እምቢ ይላል? አጨበጨብን።

ጥቅምት 18

የእጅ መንሳት ልምምድ። ወገቤ ለሁለት ተከፈለ። ቴትሱጂ እያሸኝ፣ "ጎንበስ ለማለት ብሎ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አንቺን አየሁ" አለ። ዩኒፎርሜን ጎኑ ላይ ሁለት ጣት አሰፋሁት። ጨርቁ ነው የተኮማተረው… እኔማ ያው ነኝ።

ጥቅምት 25

ምን ዓይነት ቀን ነው። ከየት ልጀምር?

አራት ሰዓት። የብረቱ መዝጊያ ወጣ። ሃያ ሁለታችን በጥቁር ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ አቶ ካቡራጊ መሃል። ውጭ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ቆሟል።  እጅ ነሳን። ቀና ስንል… እነሱም እጅ ነስተዋል። የሚገባ የለም። ደንበኛ እጅ ከነሳማ ዝም አይባልም፤ መልሰን ጎንበስ አልን። እነሱም መለሱ። እኛም መለስን። አንዲት አሮጊት መሀረብ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። አንድ ሰውዬ ቀስ ብሎ ቀረበና ደጃፉ ላይ አበባ አስቀምጦ ወደ ኋላው ተመለሰ። ሪትሱኮ አንገቷን እንደደፋች፣ "ኪኑዬ፣ ማነው የሞተው?" አለችኝ። ሳቄን ለማፈን ምላሴን ነከስኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ ሰዉ በአክብሮት ተበተነ።

የዓሣ ሻጩን ሚስት ሮጬ ያዝኳት። "እንዴ፣ ሊፈርስ ስለሆነ የመጨረሻ ስንብት መስሎኝ ነው የመጣሁት። እንደ ያኔው ተሰልፋችሁ…" አለች። አጠፋሽ እንዳይባል የኛው ጥፋት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የተዘጋንበትን ሥነ ሥርዓት አንድም ሳናጎድል ደገምነው።

ሞሪዋኪ በእጇ የምትጫነው መቁጠሪያ አላት። ቀኑን ሙሉ የገባ፦ 311።

ጥቅምት 26

አቶ ካቡራጊ፣ "ወግ ወግ ነው፣ ዛሬ ይገባቸዋል" ብለው እንደገና አሰለፉን። ካፈርኩ አይመልሰኝ። 284። በዚህ አያያዝ ሃያ ሺህ የሚሞላው የዛሬ ሁለት ወር ነው። ሞሪዋኪ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሩዟን ሳትነካ ቀረች። አንጀቴን በላችው።

ቤት ስገባ ቴትሱጂን ጠየቅሁት። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ለምን ሳትገባ ቀረህ? ትናንት ከመንገዱ ማዶ ቆመህ አይቼሃለሁ።"

"እንዴት ልግባ? ያ ሁሉ ሰው አጎንብሶልኝ ባዶ እጄን ልወጣ? ማሱኖያ ገብቶ የማሱኖያ ጥቅል ሳይዝ የወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይለኛል?"

ለካ እሱ ነው። ሰውዬው አሥር ቃል ሲናገር አንዷ ወርቅ ናት። አልነገርኩትም እንጂ።

ጥቅምት 27

ሰልፍ የለም ብዬ ለአቶ ካቡራጊ ነገርኳቸው። እኔ። ለአቶ ካቡራጊ። "የሚገባውን አናስደንግጠው፣ የሚወጣውን እጅ እንነሳለን" አልኳቸው። ክራቫታቸውን አስተካከሉ እንጂ አልከለከሉኝም።

በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። መቀስ፣ ፕላስተር፣ ያቺው የወረቀት ጥቅሌ። ሞሪዋኪ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ "ከቤትዎ ያለውን ይዘው ይምጡ፣ ለሚወዱት ሰው እንጠቅልልልዎታለን።" ማን ይመጣል? እስከ አምስት ሰዓት ማንም። ከዚያ ቴትሱጂ። ፀጉሩን አበጥሮ፣ የጎ ጠጠሮቹን በፌስታል ይዞ።

"ይጠቅለልልኝ" አለ፣ እንደማያውቀኝ።

"ለማን ነው፣ ጌታዬ?"

"ለሚሸነፍልኝ ሰው።"

ጠቀለልኩለት። ማዕዘኑን አንዴ ብቻ አጥፎ፣ ወረቀቱን በሰያፍ ይዞ፣ ዕቃውን እያንከባለሉ… እጄ አልረሳም። ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ከዚያ ማታ ድረስ አላየሁትም። ከሰዓት በኋላ ሰው በመንገድ ላይ ሰማያዊውን ጥቅል ማየት ጀመረ። "ማሱኖያ ተከፈተ እንዴ?" እየተባባለ መጣ። የሚጠቀለል ዕቃ ያልያዘው ተመልሶ ይዞ ይመጣል። 940።

ጥቅምት 30

ወገብ የለኝም፣ ጣት የለኝም፣ ደስ ብሎኛል። ምን ያልጠቀለልኩት አለ? የኮመጠጠ አትክልት፣ ግማሽ የተሠራ ሹራብ፣ ያገለገለ መዝገበ ቃላት፣ የሞተች እህት ማበጠሪያ። አንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ላይ ላለ ወንድማቸው ጃንጥላ አስጠቀለሉ። ወንድምየው በማግስቱ ያንኑ ጃንጥላ መልሶ ሊያስጠቀልል መጣ። እነሱ ሲታረቁ ወረቀታችን ያልቃል።

የኔ ጥቅል አልቋል። ሪትሱኮ የሷን አመጣች። ከዚያ ሌሎቹ። ሁሉም ሳይጨርሱ እንደ ቅርስ አስቀምጠውት ኖሯል። አቶ ካቡራጊ የሚወጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ቆመው እጅ ይነሳሉ። ዛሬ 2,700።

ኅዳር 3

የመጨረሻው ቀን። የበዓል ቀን ነው፣ ግን ከሰዓት ዝናቡ ጣለ። ትናንት ማታ 17,095 ነበርን። ዛሬ 2,905 ያስፈልገናል።

ልንዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረን መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ሞሪዋኪ መቁጠሪያዋን አየች፣ እንደገና አየች። "አሥራ ዘጠኝ ጎደለ" አለች። 

ውስጥ ያለው ሰው ሰማ። ዓሣ ሻጩ፣ "ወጥተን እንግባ" አለ። ሞሪዋኪ ራሷን ነቀነቀች። "እናንተ ለዛሬ አንዴ ተቆጥራችኋል። አልዋሽም።" ንዴቴ መጣ። ደግሞም ኮራሁባት።

ያኔ ሪትሱኮ፣ "እኛስ?" አለች። "እኛ ተቆጥረን እናውቃለን? አሥር ቀን ሙሉ በጀርባ በር ነው የገባነው።"

ሁላችንም ወደ አቶ ካቡራጊ ዞርን። ፊታቸው ገረጣ። "ሠራተኛ በፊት በር አይገባም። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን…" አሉና ቆሙ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱ ያለቀበትን ባዶ የካርቶን ቱቦ አዩ። "ወይዘሮ ኪኑዬ፣ እኛ አሁን የማን ሠራተኞች ነን?" አሉኝ።

"የማንም አይደለንም" አልኳቸው።

ኮታቸውን ቆለፉ። "ተከተሉኝ።"

በጀርባ በር ወጣን፣ በዝናብ ሕንፃውን ዞርን። ሃያ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት፣ ግማሹ በነጠላ ጫማ። የፊት በሩ ጋ ስንደርስ… ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ዓሣ ሻጩ፣ ሚስቱ፣ ጃንጥላ የተመላለሱት ወንድማማቾች፣ ነርሷ። ቴትሱጂ መጨረሻው ላይ፣ ሆዱን አስገብቶ። አቶ ካቡራጊ እግራቸውን ሲያስገቡ ሁሉም አንድ ላይ እጅ ነሱን። "እንኳን ደህና መጡ።"

መልሰን ልንጎነበስ ስንል ሞሪዋኪ፣ "እባካችሁ አትቁሙ፣ ግቡ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረ" ብላ ጮኸች። ያቺ ይቅርታ የማያልቅባት ሴት። እየተገፋፋን ገባን።

20,003።

ከወረቀቱ የተረፈችው መዳፍ የምታክል ቁራጭ ናት። እዚህ ገጽ ላይ ለጠፍኳት።

ኅዳር 19

ምክር ቤቱ ወሰነ። አይፈርስም። ሪትሱኮ በስልክ ነገረችኝ፣ ከዚያ "ወደ ላይ ነን" ብላ ዘጋችው።

ሚያዝያ 11

ቴትሱጂ ከኔ ቀድሞ ከቤት ወጣ። ምሳውን በጋዜጣ ጠቀለልኩለት። "ወረቀቱ ካለቀ እኔን በምን ልትሸኚኝ ነው?" አለኝ ጫማውን እያሰረ። "በጋዜጣ። መንገድ ላይ የምታነበው አታጣም" አልኩት። አልሰማኝም፣ የጎ ተጋጣሚው ሦስተኛ ፎቅ እየጠበቀው ነው።

ዛሬ መጠቅለል ለሚማሩት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ነው። አሥራ አራት ሰው ተመዝግቧል። እግሬ ዝም ብሎ ወደ ጀርባ በር ወሰደኝ። ተቆልፏል። በአቶ ካቡራጊ እጅ ጽሑፍ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ "ሁሉም ሰው በፊት በር ይግባ።"

ዞርኩ። በሩ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት መጻሕፍት ታቅፋ ስትወጣ ተገናኘን። እጅ ነሳችኝ። እጅ ነሳኋት። መልሳ ነሳችኝ። ማን ቀድሞ ቀና ይበል?

"ይግቡ እንጂ" አለች እየሳቀች፣ "በሩን ዘግተን ቆምን እኮ።"

ገባሁ።