የአራተኛው ጉድጓድ ብርድ ልብሶች

ሰኞ፣ ግንቦት 9

ከመጋዘኔ ክር መዝኜ ለዘጠኙ ሸማኔዎች ሰጠሁ። ዕቅዱን ጽፌ የፋብሪካው በር ላይ ለጠፍኩ። እስከ ቅዳሜ ለያንዳንዱ ሰባት ብርድ ልብስ። ያለፈው ሳምንት ስድስት ነበር። አያ ካሴ ግን ሰባት አስረከበ፤ የሥራ አስኪያጁ ደንብ ደግሞ አንዱ የቻለውን ሁሉም ይችላል ነው። ሦስት ሳምንት ያጎደለ ይሰናበታል።

ከሰዓት በኋላ የወጣውን ክር ከገባው ብርድ ልብስ ጋር አስተያየሁ። አይገናኝም። ሃያ ኪሎ ጎደለ፣ የዐሥር ብርድ ልብስ ክር። ሁለቴ ደመርኩ። ያው።

ለሥ/አስኪያጁ ነገርኩት። አንገቴ ላይ ያለውን የመጋዘን ቁልፍ አየ። እስከ ሰኞ 23 ሌባውን ካልነገርሽኝ ቁልፉን አስረክበሽ ትሄጃለሽ አለ።

ደብተሬ፣ ይኸው መጠርጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ካቦው ጎሹ በዚህ ሙቀት ካፖርት ይለብሳል። ለምን? ወርቁ ክር ሲቀበል ዐይኔን አያይም፤ የራሱን ዐይን ያሻል። አያ ካሴ ጠዋት ቀጭን ስልቻ ይዞ ይገባል፣ ማታ ወፍራም ይዞ ይወጣል።

ማታ በር ላይ ቁልፌ የወደቀ አስመስዬ አጎነበስኩ፤ ስልቻውን በክርኔ ነካሁት። ድብልብል ነገር ነው። አየኝ።

«ድንች ነው እታለም። ክር ከመሰለሽ ቀቅለሽ ቅመሺው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ድንች የሚሸጥበት ቀን ዛሬ አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12፣ ሚካኤል

ፋብሪካው ክፍት ነው፤ ሥ/አስኪያጁ ለትልልቅ በዓላት ብቻ ይዘጋል። ሰዎቹ መጡ፣ መወርወሪያ ግን አልነኩም። ድር ያስተካክላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያወራሉ። የመጋዘኑን በር ከፍቼ ቀኑን ሙሉ አዳመጥኩ። አንድም ምት የለም።

11 ሰዓት ላይ አያ ካሴ አንድ ብርድ ልብስ አስረከበ። ወርቁም አንድ።

ሚካኤልን ሽረው ሸመኑ እንዳልል ድምፅ አልነበረም። ዘርግቼ አየሁት። ሸጋ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር። ጥቁር ክር ካለቀ ሁለት ሳምንት አለፈው። አሁን የምሰጣቸው ቡናማ ነው።

ታዲያ ሁለት ሳምንት የት ከረመ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17

ሥ/አስኪያጁ ጠራኝ። ጥቁሩን ዳር ነገርኩት። ስም ጠየቀ። አያ ካሴ አልኩ። የወርቁን አልተናገርኩም፣ ስለ ዐይኑ አሳዘነኝ። ሰኞ አባርረዋለሁ አለ።

ቁልፌ ተረፈ። ምሳዬ ግን አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 20

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ከተጣመመ ይቅር በይኝ።

በምሳ ሰዓት ሥ/አስኪያጁ ፒያሳ ወርዷል። የአራተኛው የሽመና ዕቃ ባለቤት ለእናቱ ተዝካር መካነ ብርሃን ከሄደ ወር ሊሆነው ነው፤ እግር የሚገባበት ጉድጓድ በቁርበት ተከድኗል። በሁሉም ነገር ላይ የሱፍ ብናኝ አለ። በዚያ ቁርበት ላይ ብቻ የለም። ገለጥኩት።

ብርድ ልብስ። ተጣጥፎ፣ ከሥሩ ጭድ ተጎዝጉዞ። ስምንት ቆጠርኩ። የቀሩት ሁለቱ የሚካኤል ዕለት የተረከብኳቸው ናቸው ማለት ነው። ዐሥር ሞላ።

ቀና ስል አያ ካሴ ከኋላዬ ቆሟል። ምነው አያ፣ አልኩት።

ቁጭ አለና ቀስ ብሎ ነገረኝ። የሱ ብቻ አይደለም፣ የዘጠኙም ነው። በደህና ሳምንት የተረፈ እዚያ ይገባል፤ የታመመ፣ በዓል የበዛበት፣ ሐዘን የደረሰበት ከዚያ ያወጣል። ዕድራችን ነው አለ። ከግቢው የወጣ አንድ ክር የለም።

ለምን አታስረክቡም ስለው ፈገግ አለ።

«ያንቺ ቁጥር እንደ ፍየል ነው እታለም። ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም።»

እኮ ሰባት ያስረከብከው ራስህ ነህ አልኩት።

«እኔ ስድስት ነው ያስረከብኩ። ሰባተኛው የወርቁ ነበር። ዐይኑ ታሞ በጊዜ ሲወጣ አስረክብልኝ ብሎ ሰጠኝ። አንቺ ከኔ ላይ ከመርሽው።»

ስሙን መስጠቴን አልነገርኩትም። ስልቻውን ፈትቶ ድንች ሰጠኝ፤ በየምሳው ከጎረቤት ጓሮ ይገዛል። ተቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21፣ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ውሸቱን ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ገለጥኩሽ። አሁንም አላመንኩትም ነበር።

ግንቦት 6፣ በገዛ እጄ፦ «ካሴ ዛሬ 2 አስረከበ። ወርቁ 0፣ በጊዜ ወጣ።» ይህን ብርድ ልብስ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አይሸምንም። ስጽፈው ይህን አልጠየቅሁም። ዘጠኝ ሰው ላይ ሰባት የጫንኩት እኔ ነኝ። ወርቁ ደግሞ ሁለተኛ ሳምንቱን አጉድሏል።

ከጥር ወዲህ በየማታው የጻፍኩብሽን ሁሉ ደመርኩ። ሥ/አስኪያጁ የሚያስቀምጠው የበረታውን ሳምንት ብቻ ነው፤ አንቺ ጋ የደከመውም አለ። ለሁሉም ሰው በየሳምንቱ አካፈልኩ። አምስት። ከዚያ ፈቀቅ አይልም።

እሑድ፣ ግንቦት 22

የእኔ ወረቀት ሁለት ዓምድ ነው፤ የወጣ ክር፣ የገባ ብርድ ልብስ። መካከሉ የለም። ዱቄቱ ጎደለ ብላ ሊጡን የማታይ ሴት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። «በሸማኔ እጅ ያለ፦ 8።» ከገቡት ሁለት ጋር ሃያው ኪሎ ሞላ።

ስምንቱን ከደበቅሁ ካሴ ይባረራል። ካሳየሁ ደግሞ ዕቅዱ ስምንት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ሰኞ፣ ግንቦት 23፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ዕቅዱን ጻፍኩ። ካሴ 5። ወርቁ 5። ለዘጠኙም 5። አልለጠፍኩትም፤ መጀመሪያ ሥ/አስኪያጁ ያየዋል። ቆጣሪዋ ተሳሳተች፣ ሌባ የለም እለዋለሁ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፤ ቢወስደው ይውሰደው።

ማታ ማታ ደብተር እንደምጽፍ ማንም አያውቅም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀመች ሴት ናት ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፣ ግን ያንብብ።

ስፌትሽን በመርፌ ፈታሁ። ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ይዤ እገባለሁ፤ የግንቦት 17ም አለበት፣ ካሴን የከሰስኩበት። እሱንም አላስቀርም። ካቦው በሩን እየከፈተ ነው፣ ይህን ገጽም እጨምረዋለሁ።