በሕያዋን በኩል የተጻፈ ስም

ለውድ ወንድሜ ለሌፍቴሪስ፣ ሜልቦርን

እንደምን ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? የፋብሪካው ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኛ በአምላክ ቸርነት በአካል ደህና ነን። እናትህ ግን ልታሳብደኝ ነው።

መንደራችንን ያስቃጠለው ጀርመናዊ ጄኔራል አቴና ላይ እየተዳኘ ነው። «እንዲቀጡ ያዘዝኩት ሽፍቶችን ነው፤ ሰላማዊ ሰው አልነካሁም» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እኛ ምስክሮቹ፣ በዘይት መጭመቂያው ቤት ተዘግቶባቸው የተቃጠሉት ሠላሳ አንድ ናቸው ብለን ማልን። የመንደሩ መዝገብ አብሮ ስለነደደ ፍርድ ቤቱ የሟቾቹን ስም ከቄሱ ከፓፓ ሚሮን ወሰደ። ያው በየቤቱ ለቅዳሴ ከምንሰጠው ወረቀት ነው፤ ባንድ በኩል ሕያዋን፣ በሌላው ሙታን ከሚጻፉበት። ቢቆጠር ሠላሳ! የጄኔራሉ ጠበቃ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ «እነዚህ ሰዎች የሞተባቸውን እንኳ አያውቁም» አለ። ጄኔራሉ ፈገግ ሲል ደሜ ፈላ።

የጎደለው የእኛው ወንድም ሲፊስ ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲነዱት በዓይኔ አይቻለሁ። ከአመዱ ለይተን ስላላወጣነው ግን እማዬ ሦስት ዓመት ሙሉ በሕያዋን በኩል ስታስጽፈው ኖራለች። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ዝም አልኩ። አንተማ ባሕር ማዶ ተቀምጠህ «እማዬን አትቆጫት» ትለኛለህ!

ለሰኞው ችሎት ወረቀቱን አስተካክለሽ ፈርሚ ብላት፣ «ልጄን በገዛ እጄ ልግደለው? ጄኔራሉ የጀመረውን እኔ ልጨርስለት?» አለችኝ። ብለምናት፣ ቄሱም ቢለምኗት ፍንክች አልል አለች። ትዕግሥቴ አለቀና፣ «እንግዲያው ከጄኔራሉ ጋር ተስማምታችኋላ! እሱ አልገደልኩም ይላል፣ አንቺ አልሞተም ትያለሽ» ብዬ ጮህኩባት። ወዲያው ቆጨኝ።

እሁድ ግን ጥቁር ሻሿን አስራ ወደ አቴና በሚሄደው መርከብ ከእኔ ጋር ተሳፈረች። በማግስቱ ዳኞቹ ፊት እርሳስ ተቀብላ ጄኔራሉን፣ «ቀና በል፣ እየኝ» አለችው። በሕያዋን በኩል ያለውን ስም ሰረዘች፤ በሙታን በኩል በዚያች በምታውቃት ጥቂት ፊደል ጻፈችው። እሱ መስኮቱን ነበር የሚያየው። ፍርዱ ገና ነው። ቁጥሩ ግን ሠላሳ አንድ ሆኗል።

ለአማትህ ለኪራ ፎቲኒ፣ ለባለቤትህ ለቫርቫራ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፓፓ ሚሮንና አክስታችን ኤሮፊሊ ሰላም ብለውሃል። እማዬ ደግሞ ቫርቫራ በሰላም ትገላገል፣ የሚወለደው ወንድ ከሆነ ሲፊስ በሉት ብላለች።

እኅትህ አርጊሮ
ካሎሚሪ፣ ቀርጤስ
ኅዳር 24 ቀን 1946 እ.ኤ.አ.