የጾም ነው ያለችኝ ዱቄት

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሆዴ ዛሬም ተነፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ፈትቼ ብዙም ሳልቆይ የቀሚሴ ወገብ እንደ ገመድ ያንቀኝ ጀመር። ባልደረቦቼ ስለ ሕንፃው ዓምዶች ሲከራከሩ እኔ ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥሁ ስለ አንጀቴ አስብ ነበር። ለአንድ መሐንዲስ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ይህ ሊሆን አይገባውም ነበር። ሆዴ የሚያስቸግረኝ በፍስክ ነው፤ ወተት ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም። ጾም ሲገባ ሆዴም አብሮኝ ያርፋል። በዚህ ዐቢይ ጾም ግን ነገሩ ተገለበጠ።

በዚህ ጾም ምን አዲስ ነገር ጀመርሁ ብዬ ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ የፕሮቲን ዱቄቱ። ነገር ግን የመጣልኝን የመጀመሪያ መልስ ማመን ልማዴ አይደለም። ባቄላም አለ፤ ሽሮም አለ፤ የሥራ ጭንቀትም አለ።

ነገሩን ከመነሻው ላስፍረው። ሐኪሜ ስኳሬ ከድንበሩ ላይ ስለ ደረሰ ክብደት እንድቀንስ አዘዘኝ። አባቴን የወሰደብን ስኳር ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ይህን ለብርቱካን ነገርኋት። ብርቱካን የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ መካኒሳ፣ ከአንድ ጂም አጠገብ፣ የስፖርት ልብስና የፕሮቲን ዱቄት የምትሸጥበት ሱቅ አላት። "ረኀብሽን ይዞ ያከሳሻል" ብላ ከትልቅ ጣሳ ቀንሳ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለው ነጭ ዕቃ ሰጠችኝ። የጾም መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት።

"የአተር ነው አልኩሽ እኮ፣ ፍሬዬ! አንቺ ሲሚንቶም ስትገዢ የጾም ነው ወይ ሳትዪ አትቀሪም።"

ሳቅሁ። ጣሳውን ግን አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ዛሬ ባቄላም ሽሮም አልነካሁም። ሩዝ በድንች ወጥ በላሁ፤ ዱቄቱን እንደ ወትሮው በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። ሆዴ ተነፋ። ነገ ደግሞ ተቃራኒውን እሞክራለሁ።

ማታ ደረጃው ላይ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ለቡ ወዳለው ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ስገባ መጀመሪያ በሬን ያንኳኩ ጎረቤት እርሳቸው ናቸው። መደገፊያውን ይዘው ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር።

"ልጄ፣ ያቺ ዱቄት ልታልቅብኝ ነው። ለዚያች ጓደኛሽ ንገሪልኝ።"

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እርሳቸውም ክብደት ቀንሱ ተብለዋል። ስለ ዱቄቱ የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ያመጣሁላቸውም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ዕለት "የጾም መሆኑን አረጋግጠሻል?" ሲሉኝ "አረጋግጫለሁ" አልኋቸው። አላረጋገጥሁም፤ ጠየቅሁ እንጂ። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን በሥራዬ ላይ ለሌሎች ሳስተምር እውላለሁ።

"እነግራታለሁ" አልሁና ወጣሁ። ዛሬ ደረጃውን ሳላርፍ መጨረሴን እዚህ መጻፍ አለብኝ። ትንሽ ድል ናት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ዱቄቱን አልጠጣሁም። ባቄላ በላሁ፤ ሽሮ በላሁ፤ ሆን ብዬ ጨመርሁበት። ሆዴ ጸጥ ብሎ ዋለ።

ለብርቱካን ደወልሁ። አልከሰስኋትም፤ ሆዴ እየተነፋ መቸገሬን ብቻ ነገርኋት።

"መጀመሪያ ላይ ነው እሱ፣ የኔ እመቤት። ሰውነትሽ እስኪለምደው ነው።"

"የአተር ነው አይደል?"

"ኧረ ፍሬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የደወልሽልኝ?"

አዎ አላለችም፤ አይደለምም አላለችም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መልስ ስትሰጠኝ አላስተዋልሁም፤ ወይም ላስተውል አልፈለግሁም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በቅርቡ ሱቋ ውስጥ አብረን ጾም ስንፈታ ለእኔ ዱቄቱን በጠበጠች፤ ለራሷ ግን በሶ። "አንቺስ?" ስላት "እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ በሶ ያኖረኛል" ብላ አሳቀችኝ። ብርቱካን ጾም የማታጓድል ሰው ናት፤ ዶርም ሳለንም ካፌው የጾም ምግብ ባጣ ቀን ደረቅ ዳቦ በልታ የምታድር እርሷ ነበረች።

ትንሽ ዱቄት ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አሸተትሁ። ከቫኒላው ሥር የፈላ ወተት ሽታ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። የሚጠራጠር ሰው አፍንጫ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ክሊኒክ ሄድሁ። ሚዛኑ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ከፍ ብሏል። ቀነሰ አይደለም፤ ጨመረ። ለካ ቀሚሴን ያጠበበው መነፋቱ ብቻ አልነበረም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ዱቄቱን እንዴት እንደምወስደው ጠየቀችኝ። ከምግብ በኋላ፣ ማታም ሌላ ብርጭቆ፣ ብርቱካን እንዳዘዘችኝ ነገርኋት።

"ከምግብሽ ምን ቀነስሽ?"

"ምንም።"

"እንግዲያስ ምግብ ነው የጨመርሽው" አለች።

የነገረችኝን በራሴ ቃል አሰፍረዋለሁ፤ ለሌላ ሰው በትክክል ማስረዳት ሊኖርብኝ ይችላልና። ዱቄቱ በራሱ የሚያከሳ ኃይል የለውም። ፕሮቲን ጥጋብን ያቆያል፤ ሰው ክብደት ሲቀንስ ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ያግዛል። ስለዚህ በሌላ ምግብ ፋንታ ቢገባ፣ በተለይም በቂ ፕሮቲን ለማያገኝ ሰው፣ ሊጠቅም ይችላል። በምግብ ላይ ሲደረብ ግን ትርፍ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተር በአግባቡ የሚበላ ጿሚ ያለ ዱቄቱም ሊያገኘው ይችላል። ለስኳሬ የሚያስፈልገኝ እንጀራውን መቀነስና መራመድ ነው።

"ከምን የተሠራ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ በመጨረሻ።

"ከአተር ነው ተብያለሁ።"

"ተብያለሁ" ብላ ደገመችው። ከአተር የሚሠራም እንዳለ፣ ገበያ ላይ የሚበዛው ግን ከአጓት፣ ማለት ከወተት፣ እንደሚሠራ ነገረችኝ።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ረጅም መንገድ ሄድሁ። ለብርቱካን መልእክት ላክሁላት፤ "ነገ ማታ ቤት ነይ።" ወዲያው መለሰች፤ "ምን ልያዝ?"

ዓርብ፣ መጋቢት 19

መጣች። እጇ ላይ ሙዝ ይዛ፣ "ደረጃሽ ራሱ ጂም ነው፤ እኔ ሰፈር ድረስ ምን ያመጣሻል?" እያለች ገባች። እንደ ወትሮዋ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ቤቱ የእርሷም ነበርና።

ሁለት ብርጭቆ አዘጋጅቼ ነበር። ዱቄቱን ፊቷ በጠበጥሁት። አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእርሷ አስቀመጥሁ።

"እኔ ሱቅ ፈትቼ ነው የመጣሁት። ጢም ብያለሁ።"

"ትንሽ ቅመሺልኝ።"

"ጣፋጭ አልወድም፣ ታውቂያለሽ።"

ሻይዋን ሽሮፕ እስኪመስል በስኳር የምታጥለቀልቅ ሴት ናት ይህን ያለችኝ።

"በሞቴ፣ ብርቱዬ።"

በሞቴ ስላት እምቢ ብላኝ አታውቅም። ዶርም ሳለን በመጨረሻው ጉርሻ ስንገፋፋ ቀድማ በሞቴ ያለችው ታሸንፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። አባቴ በሞተበት ሳምንት እህል አልወርድ ሲለኝ፣ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ያጎረሰችኝ በዚሁ ቃል ነው።

ብርጭቆውን አነሣች። ከንፈሯ አጠገብ አደረሰችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ።

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ጾም ነው እኮ፣ ፍሬ።"

ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው የሰማችው።

ከዚያ ብዙ ተናገረች። የአተሩ ዱቄት አልገባላትም ነበር። ጾሙ ሲገባ የሚመጣው ሁሉ "የጾም አለሽ?" ይላታል። መጀመሪያ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ስለ ስኳሬ ስነግራት ደንግጣ "አለ" አለችኝ። "ለአንቺ አለ ካልኩ በኋላ ለሌላው የለም ማለት ከበደኝ" አለች። ይህን ስትል ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ውሸት አይመስለኝም። ሙሉ እውነትም አይመስለኝም።

"ደግሞ ሳታውቂ ነው የጠጣሽው። ባንቺ አይቆጠርም። ኃጢአቱ የኔ ነው።"

"ኃጢአቱን ከወሰድሽማ ብርጭቆውንም ውሰጂው" አልኋት።

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ብጮኽ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር። ለሌሎች ደንበኞቿ ደውላ እውነቱን እንድትነግራቸው ጠየቅኋት። ጫማዋን እያጠለቀች "እናስብበት" አለች። "እናስብበት" የሚለው ቃል ውስጥ እኔን ያስገባችበት ምክንያት አልገባኝም።

ያቆሰለኝ ወተቱ አይደለም። የእርሷ ጥንቃቄ ነው። ጾም የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ባታውቅ ኖሮ ይቅር ማለቱ ይቀለኝ ነበር። ታውቃለች፤ የራሷን ጾም በሞቴ እንኳ አላስፈታትም። የእኔን ግን በማንኪያ ለክታ፣ ክዳን ገጥማ ሸጠችልኝ።

ሙዙ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ጠዋት ለእትዬ አስካለ ልነግራቸው ወረድሁ። በራቸው ላይ ቆሜ ተመለስሁ።

ምክንያቶቼ የተደራጁ ነበሩ፦ እርጅና፣ ደም ብዛት፣ መደንገጥ። ዱቄቱ አለቀ ብዬ ብተወው ጉዳቱ ያበቃል። ሳያውቁ ነውና በእርሳቸው አይቆጠርም። እዚህ ላይ ስደርስ ይህን ቃል የሰማሁት ከማን እንደሆነ ዐወቅሁ። ትናንት ማታ በእኔ ሳሎን ተነግሮኝ "ብርጭቆውንም ውሰጂው" ያሰኘኝ ቃል ነው፤ በአንድ ሌሊት የራሴ ሆኖ አደረ።

እንደገና ወረድሁና አንኳኳሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። የብርቱካንን በደል ብቻ ሳይሆን "አረጋግጫለሁ" ያልሁትንም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ለምን ነገርሽኝ?" አሉኝ።

"ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው።"

"ማወቁ ለኔ ነው ላንቺ? አንቺ ቀለለሽ፤ ይኸው እኔ ላይ ጫንሽው። ዝም ብትዪኝ ነገ በሰላም አስቀድስ ነበር።"

በሩ ተዘጋ። በኃይል አይደለም፤ ግን ተዘጋ።

ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ ደግ ነገር ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ዛሬ ምስር በትንሽ እንጀራ በላሁ። ሆዴ ደኅና ነው። ሌላው ሁሉ ደኅና አይደለም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ፣ ነጭ ለብሰው፣ መደገፊያውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ፎቅ ወጥተው መምጣታቸው ራሱ ንግግር ነበር።

"ተነሺ፤ አብረን እንሄዳለን። ለአባ እኔ ጥፋቴን እናገራለሁ። ዱቄት ምን እንደሆነ ግን አንቺ ታስረጃቸዋለሽ፤ እኔ አልችልበትም።"

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸውን አገኘናቸው። በተቻለኝ መጠን በሥርዓት አስረዳሁ፤ አጓቱን፣ አተሩን፣ ምልክት የሌለውን ዕቃ። በጥሞና ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚጠጣው?"

"ለመክሳት፣ አባ።"

"በጾም ላይ?" አሉ፤ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቃቸውን ነው የደበቁት።

አባ ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። "እስከ ትናንት አታውቁም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ፤ ጾሙን ቀጥሉ" አሉን። የሰጡንን ቀኖና እዚህ አልጽፍም። ስለ ብርቱካን ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ አፌ ላይ ቀረ።

ስንመለስ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙ። እንደ ትናንቱ አልነበሩም፤ ጨርሰው ይቅር እንዳሉኝም እርግጠኛ አይደለሁም።

"እና ለጉልበቴ አሁን ምን ልጠጣ?"

"ምንም። ምስሩን በርከት አድርገው ይብሉ፤ እንጀራውን ቀነስ ያድርጉ።"

"ይህን ለመናገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?"

ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን።

የቀረውን ዱቄት ደፋሁት። ዕቃውን አጥቤ ሽምብራ ሞላሁበት፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ክዳኑ ይጠብቃል። ሙዙ መጥቆር ጀምሯል፤ አልበላሁትም፣ አልጣልሁትምም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስልኬ ጠራ። ብርቱካን ናት። ለደንበኞቿ ተናግራ ልትነግረኝ ይሁን፣ ወይም እንዳልናገርባት ልትለምነኝ፣ አላውቅም። የመጀመሪያው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲሆን መፈለጌም አናደደኝ።

አላነሣሁም። ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ ግን ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥሁትም።