ሲዲው ላይ ያረፈው ማኅተም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰኝ። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌራቸውን ያለ ፈቃድ በሲዲ እያባዛሁ ስለማድል፣ በጽሑፍ መልስ ካልሰጠሁ ሊከሱኝ ነው። መፍራት ነበረብኝ። እኔን እረፍት የነሳኝ ግን ሌላ ነው፦ ይቺን የጎንደር ጥግ ላይ ያለች የኮምፒውተር ሱቅ ማን አሳያቸው? ጎረቤቱን ሁሉ ስጠረጥር ዋልሁ። አላስችል ቢለኝ ለጠበቃው ደወልሁ።

«ማን ነው የጠቆመብኝ?»

ሳቀ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት እንጂ! ሲዲው ላይ የሱቅዎ ማኅተም አለ።»

ለባለቤቴ ለዘይነባ ብነግራት አልደነገጠችም። «እኔ ነኝ የመታሁት። ከሳንጃ ከተማ የሚመጡ ደንበኞች ማኅተም የሌለበትን ነገር መች ያምናሉ?»

እውነቷን ነው። እኔስ መች አምናለሁ?

ቁጭ ብዬ መልሱን ጻፍሁ፦ «ማኅተሙ የእኛ አይደለም፤ አስመስለው የቀረጹት ነው።» ዘይነባ አነበበችውና «ሸጋ ነው» አለች። ከዚያ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥታ ቀለም አስነካችው።

«የቱ ጋ ልምታው?»

ካልተመታበት አይቀበሉትም። ከተመታበት ደግሞ ከሲዲው ጋር ያስተያዩታል። ይኸው፣ እጇን አንስታ እየጠበቀችኝ ነው።