ወርቀ ዘቦው ጃንጥላ

ጥር 11፣ ቢቸና

ልጄ ከሕመሟ ብትነሳልኝ ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ድና ተነሳችልኝ። ስለቴን ልገዛ ሞጣ ድረስ ሄድኩና ተራውን ትቼ አገር የሚያየውን ወርቀ ዘቦ መርጬ አስገባሁ።

ዛሬ ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ጃንጥላዬን መፈለግ ያዝኩ። ቀዩ አይደለም፤ አረንጓዴውም አይደለም። ሰው ሁሉ ተደፍቶ ሲሰግድ እኔ በእግሬ ጣት ቆሜ አንገቴን አሰግጋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ነጠላዬን ሳብ አድርገው፣ «ኧረ ስገጂ፣ ታቦት እያለፈ!» አሉኝ። ጎንበስ ስል አልፏል። ልጄ አጠገቤ ግንባሯ አፈር ነክቷል።

ኋላ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸውና፣ «አባ፣ ስለቴ የት ገባ?» አልኳቸው። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

«ዕቃ ቤት ነው። ውድ ዕቃ አይደል፣ አቧራው እንዳያበላሸው ብለን ተውነው» አሉኝ በደግነት።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ተራውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከታቦቱ በላይ ተዘርግቶ ይውል ነበር።

ልጄ ግንባሯ ላይ አፈሩ እንዳለ እራቷን በላች። የኔ ግንባር ንጹሕ ነው።